አመጃና የድባቴ ሕመም፦ አንድ ተክል መድኃኒት የሚባለው መቼ ነው?

ከደባርቅ ወደ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚዘልቅ መንገደኛ ከአስታው ጫካ መካከል ደማቅ ቢጫ አበባ ያለው ተክል ያያል። ይህ ተክል አመጃ ሲሆን ሳይንሳዊ ስሙ ሃይፐሪከም ሬቮሉተም ነው። በአውሮፓ ለድባቴ ሕመም ሲወሰድ የኖረውና በስፋት የተጠናው «የቅዱስ ዮሐንስ ዕፅ» ወይም ሃይፐሪከም ፐርፎራተም የዚሁ ወገን ነው። ይሁን እንጂ ዝምድናው ብቻውን አመጃን የድባቴ መድኃኒት አያደርገውም። ምክንያቱ ቀጥሎ ተብራርቷል።

ድባቴ ምንድን ነው?

ድባቴ ስንፍና ወይም የእምነት ጉድለት ሳይሆን ሕመም ነው። ቢያንስ ለሁለት ሳምንታት አብዛኛውን ቀን የሚቆይ የስሜት መውረድ ወይም ፍላጎት ማጣት ዋነኛ መለያው ነው። የእንቅልፍና የምግብ ፍላጎት መዛባት፣ ድካም፣ የጥፋተኝነት ስሜትና ራስን የማጥፋት ሐሳብም አብረው ሊታዩ ይችላሉ።

ተክሉ እንዴት ይፈተሻል?

በመጀመሪያ የተክሉ ማንነት በዕፀዋት ባለሙያ ይረጋገጣል፤ ቅጠሉ፣ ሥሩ ወይም አበባው፣ የተለቀመበት ወቅትና ቦታም ይመዘገባል። ቀጥሎ ጭማቂው በቤተ ሙከራ እንስሳት ላይ ይሞከራል። እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተመሠረተው የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለወባ፣ ለተቅማጥና ለቁስል የሚውሉ ባህላዊ ተክሎችን በዚህ መንገድ ሲመረምሩ ቆይተዋል። ለድባቴ በሚደረግ ሙከራ አይጥ ውኃ ውስጥ ስትገባ ለምን ያህል ጊዜ እንደምትታገል ይለካል። ሆኖም የአይጥ መታገል የሰው መፈወስ ማለት አይደለም።

ስለዚህ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ሲፈቅድ በፈቃደኛ ሕሙማን ላይ ይጠናል። ሕሙማኑ በዕጣ ለሁለት ተከፍለው አንዱ ወገን ተክሉን፣ ሌላው ተመሳሳይ መልክ ያለው ነገር ግን መድኃኒትነት የሌለው ክኒን ይወስዳል፤ ማን ምን እንደወሰደ ታማሚውም ሐኪሙም አያውቁም። ይህ የሚደረገው ድባቴ የሚብስበትና የሚሻልበት ጊዜ ስላለው ነው። ሰው መፍትሔ የሚፈልገው ሲብስበት በመሆኑ፣ በጊዜው ሊመጣ የነበረው መሻል የወሰደው ነገር ውጤት መስሎ ይታያል።

እስከ አሁን የታወቀው

እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ 340 ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት የቅዱስ ዮሐንስ ዕፅ ጠንከር ላለ ድባቴ ከአስመሳይ ክኒኑ የተሻለ ሆኖ አላገኘውም። በ2008 ግን 29 ጥናቶችንና 5,489 ሕሙማንን ያካተተ ግምገማ የተፈተሹት ዝግጅቶች ከአስመሳይ ክኒን የተሻሉ መሆናቸውን አመልክቷል። ውጤቱ የሚመለከተው መጠናቸው ተለክቶ የተዘጋጁትን ዝግጅቶች እንጂ ከጫካ የተቆረጠን ሌላ ዝርያ አይደለም።

ዕፁ ጉዳትም አለው። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቶችን፣ የወሊድ መከላከያ እንክብሎችንና የደም ማቅጠኛን ኃይል ሊያዳክም ይችላል። እንደ ፍሎክሰቲን ካሉ የድባቴ መድኃኒቶች ጋር ሲቀላቀልም ለሕይወት የሚያሰጋ መመረዝ ሊያስከትል ይችላል። «ተፈጥሯዊ ነውና አይጎዳም» የሚለው አስተሳሰብ ትክክል አይደለም።

ምን ማድረግ ይገባል?

• በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት በራስ ውሳኔ አይቋረጥም።
• ባህላዊ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይህንኑ ለጤና ባለሙያ መንገር ይኖርበታል፤ የሚጠየቀው ለመወቀስ ሳይሆን የሚጋጭ መድኃኒት እንዳይታዘዝለት ነው።
• የድባቴ ምልክት የታየበት ሰው በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሂድ፤ በንግግርና በመድኃኒት የሚሰጥ ሕክምና አለ።
• ራሱን ስለ ማጥፋት የሚናገር ሰው ብቻውን ሊተው አይገባም፤ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።

የመድኃኒት አዋቂዎች ዕውቀት የሀገር ሀብት ነው። ይህን ዕውቀት መፈተሽ መናቅ ሳይሆን፣ የሚያድነውን ከሚጎዳው ለይቶ ለትውልድ ማስተላለፍ ነው።