አሮጌ ሰንጢ እንዴት ይሰበሰባል፣ እንዴትስ ይያዛል?

አሮጌ ሰንጢ የሚሰበስብ ሰው አንድ ሰንጢ እጁ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው የእጀታውን ውበት አይደለም። ስለቱ ላይ በተቀረጸችው ቀጭን ጭረት ጥፍሩን አስገብቶ ቀስ እያለ ይከፍተዋል፤ ጆሮውንም ይሰጠዋል። ሞላው ጤነኛ ከሆነ ስለቱ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ቀጭ ብሎ ይቆማል፤ ሲዘጋም እንዲሁ። ሞላው ከደከመ ድምፁ ይሞታል። ችንካሩ ከላላ ደግሞ ስለቱ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። ቀጥሎ የሚነበበው ማኅተሙ ነው። ስለቱ ከእጀታው ጋር በሚገናኝበት አንገት ላይ፣ ከጣት ጥፍር በማትሰፋ ቦታ፣ የሠሪው ስም፣ የከተማው ስም፣ አንዳንዴም የተሠራበትን ዓመት የሚናገር ምልክት ተመትቷል። የሰንጢው ዋጋ በአብዛኛው የሚወሰነው በዚህች ቦታ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚበላሸውም እዚሁ ነው። የሚያበላሸው ግን የአገልግሎት ብዛት ሳይሆን ባለቤቱ "ላሳምረው" ብሎ የሚያደርገው ፍተጋ ነው።

ሰብሳቢዎች ባህላዊ የሚሉት ሰንጢ አሠራሩ ቀላል ነው። ስለቱ በአንድ ችንካር ላይ ይዞራል፤ በእጀታው ጀርባ በኩል የተጋደመ የብረት ሞላ ደግሞ የስለቱን አንገት ይጫነዋል። አንገቱ ጠፍጣፋ ጎኖች ስላሉት ሞላው አንዱ ጎን ላይ ሲያርፍ ስለቱ እንደተከፈተ ወይም እንደተዘጋ ይቆያል። መቆለፊያ የለውም፤ በኃይል ወደ ኋላ ከተገፋ ጣት ላይ ይዘጋል። ስለዚህ ለመውጋት አይመችም። ብርቱካን ለመላጥ፣ ገመድ ለመቁረጥ፣ እርሳስ ለመቅረጽ፣ እንጨት ለመጥረብ የተሠራ መሣሪያ ነው። የዚህ ዓይነት ሰንጢ ዛሬም በድሮው ንድፍና በድሮው ብረት እየተሠራ ይሸጣል፤ ስለዚህ የሰብሳቢዎች ዓለም በእርግጥ ያረጁትንም፣ መልካቸው ብቻ የጥንት የሆኑትንም ያቅፋል።

የሚታጠፍ ስለት ቢያንስ ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው። ኬምብሪጅ በሚገኘው ፊትዝዊልያም ሙዚየም ማንኪያ፣ ሹካና ስለት አንድ ላይ የሚታጠፉበት የሮማውያን መሣሪያ ይታያል። ሰንጢን የተራው ሰው ዕቃ በማድረግ ረገድ ግን የእንግሊዟን ሼፊልድን የሚስተካከል ጥቂት ነው። ከተራራ የሚወርዱት ወንዞቿ የመሞረጃ ድንጋዮችን ያዞሩላት ነበር፤ ድንጋዩም ከአካባቢው ይወጣ ነበር። እንግሊዛዊው ባለቅኔ ቻውሰር በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲጽፍ አንዱን ገጸ ባሕርይ የሼፊልድ ቢላ አስታጥቆታል፤ ከተማዋ ያኔም ስም ነበራት ማለት ነው። የቢላ ሠሪዎቿ ማኅበር በ1624 በሕግ ተቋቋመ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1740ዎቹ ቤንጃሚን ሀንትስማን የተባለ ሰዓት ሠሪ ለሰዓቶቹ የሚሆን የተሻለ ሞላ ፍለጋ ሲደክም ብረትን በሸክላ ማቅለጫ ውስጥ አቅልጦ ወጥ የሆነ አረብ ብረት የሚያወጣበትን ዘዴ አገኘ። ሰንጢም ዞሮ ዞሮ ስለትና ሞላ ነውና የሼፊልድ ሠሪዎች ከዚህ ብረት ብዙ ተጠቅመዋል። ጆሴፍ ሮጀርስና ልጆቹ የተባለው ድርጅት ለ1851ዱ የለንደን ታላቅ ኤግዚቢሽን 75 ስለቶች ያሉትን የኖርፎክ ሰንጢ ሠርቶ አቀረበ። ኪስ ውስጥ የሚገባ ዕቃ አይደለም፤ የእጅ ጥበብ ማሳያ ነው።

በዚያች ከተማ አንዱ ብረቱን ይቀጠቅጥ፣ ሌላው ይሞርድ፣ ሌላው ይገጣጥም ነበር። በራሳቸው ትንሽ ክፍል ለየብቻ የሚሠሩ ባለሙያዎችም ነበሩ፤ ከእነርሱም ከመጨረሻዎቹ አንዱ የነበረው ስታን ሾው ያረፈው በ2021 ነው። ሰብሳቢዎች ስለ ሼፊልድ ሲያወሩ በአድናቆት ብቻ ማለፍ ይቀናቸዋል፤ እኔ ግን የሞራጆቹ ነገር ሊዘለል አይገባም እላለሁ። ከደረቅ ድንጋይ የሚነሳው ብናኝ ሳንባቸውን እየበላ ብዙዎቹ ሳያረጁ ሞተዋል። ዛሬ በሺዎች ብር የምንገዛው የዚያ ዘመን ስለት በእነርሱ እጅ ያለፈ ነው።

በፈረንሳይ የሙያው መናኸሪያ ቲዬር ናት። ሞራጆቿ በዱሮል ወንዝ ዳር፣ ከሚሽከረከረው ድንጋይ በላይ በሆዳቸው ተኝተው ይሠሩ ነበር፤ ብርዱን እንዲችሉላቸው ውሾቻቸውን እግራቸው ላይ ያስተኙ ነበር። ዓለም ላጊዮል ብሎ የሚያውቀው ቀጭኑ ሰንጢ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አጋማሽ በአቬሮን ተራሮች፣ በዚያው ስም በምትጠራ መንደር ተወለደ። ሆኖም ስሙ በሕግ ተከልሎ ስላልቆየ ከቲዬርም፣ ከሩቅ ምሥራቅ ፋብሪካዎችም በገፍ ይወጣል። ሞላው ላይ የተቀረጸች ንብ ስላለች ብቻ "እውነተኛው ላጊዮል ይኸው" የሚል ሻጭ አይታመን፤ ንቧን ማንም ይቀርጻታል። በአንዳንዶቹ እጀታ ላይ ትንንሽ ችንካሮች በመስቀል ቅርጽ ተደርድረው ይታያሉ። እንደ አካባቢው ትውፊት እረኞች ሰንጢውን ዳቦ ላይ ተክለው በመስቀሉ ፊት ይጸልዩ ነበር።

ለጀማሪ ግን ከፈረንሳይ ሰንጢዎች ሁሉ ኦፒኔልን አስቀድማለሁ። ጆሴፍ ኦፒኔል በሳቮይ ተራሮች በ1890 ሠራው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከ1 እስከ 12 ቁጥር በመጠን ተከፋፈለ። እጀታው የእንጨት ነው፣ የጀርባ ሞላ የለውም፤ ስለቱን የሚይዘው የእንጨቱ ጥብቀት ነበር፣ በ1955 ደግሞ ስለቱን የሚቆልፍ ተሽከርካሪ ቀለበት ተጨመረበት። ከ1909 ጀምሮ ስለቱ ላይ የሚታየው ዘውድ የደፋ እጅ ከቅዱስ ዮሐንስ መጥምቅ ጋር የተያያዘ ነው፤ የቅዱሱ ጣቶች አጽም አለ የሚባልበት የሴን ዣን ደ ሞሪየን ከተማ ዓርማ ባራኪ እጅ ነውና። ርካሽ ሆኖ እንዲህ ያለ ታሪክ የተሸከመ መሣሪያ ጥቂት ነው።

በጀርመን በስለት ሥራዋ የታወቀችው ዞሊንገን አለች። በስዊዘርላንድ ካርል ኤልሰነር ለአገሩ ጦር በ1891 ሰንጢ ማቅረብ ጀመረ፤ በ1897 ያስመዘገበው የመኮንኖች ሰንጢ ነው ዛሬ ቀይ ልባስና ነጭ መስቀል ይዞ ዓለምን ያዳረሰው። በጃፓን ሚኪ ከተማ ደግሞ አንድ የታጠፈ የናስ ወይም የብረት ቆርቆሮ ብቻ እጀታ ያለው ሂጎኖካሚ እስካሁን ይሠራል፤ ሞላም መቆለፊያም የለው፣ አውራ ጣት ነው የሚይዘው።

መሰብሰብን ራሱን የቻለ ዘርፍ ያደረጉት አሜሪካኖች ናቸው። ፔንሲልቬንያ ያለው ኬዝ የተባለው ፋብሪካ በ1970 ማኅተሙ ሥር 10 ነጥቦች መታ፤ በየዓመቱም አንድ አንድ እየቀነሰ ሄደ። ስለዚህ በ1970ዎቹ ከተሠሩት ውስጥ 7 ነጥብ ያለበት ሰንጢ የ1973 ነው። ይህ ነገር ዕድሜን በግምት ሳይሆን በንባብ ለማወቅ ስላስቻለ ሰብሳቢው በዛ። በ2006 በዚያው ግዛት ታይተስቪል ከተማ የተቋቋመው ግሬት ኢስተርን ደግሞ የድሮውን ንድፍ በድሮው ዓይነት በሚዝግ አረብ ብረት እየሠራ በጥቂት ቁጥር ያወጣል፤ አንዳንዱ ገበያ ላይ በወጣ ማግስት ዋጋው ይንራል።

ዋጋ ባለበት ፎርጅድ አይጠፋም። የአንዱን ሰንጢ ስለት በሌላው እጀታ የሚገጥሙ፣ ርካሽ ሰንጢ ላይ የታላቅ ሠሪ ማኅተም የሚመቱ፣ በአሲድ የሚያስረጁ አሉ። ልብ የሚባለው ክፍሎቹ እርስ በርስ መስማማታቸው ነው። ስለቱ በመሳል ብዛት መንምኖ ማኅተሙ ትናንት የተመታ ከመሰለ፣ ወይም እጀታው አርጅቶ ችንካሮቹ ካንጸባረቁ፣ የሆነ እጅ ገብቶበታል።

ወደ አያያዙ ስንመጣ ብረቱን መለየት ይቀድማል። የሼፊልዱ ሃሪ ብሪርሊ በ1913 የማይዝግ ብረት ከማውጣቱ በፊት የተሠራ ስለት ሁሉ ይዝጋል፤ ከዚያ በኋላም ብዙ ሠሪዎች በድሮው ብረት ቀጥለዋል። እንዲህ ያለ ስለት ሎሚ ወይም ሽንኩርት ሲቆርጥ ወደ ግራጫና ሰማያዊ ይለወጣል። ይህ መልክ ጉዳት አይደለም፤ ብረቱን በመጠኑ ከዝገት የሚከላከል ልባስ ስለሆነ ሊፋቅ አይገባም። ጠላቱ ቀዩ ዝገት ነው። ከሥራ በኋላ ስለቱን ጠርጎ ማድረቅና ስስ ዘይት መቀባት ይበቃዋል። ከፋርማሲ የሚገዛ ፈሳሽ ፓራፊን ጥሩ ነው፤ የምግብ ዘይት ግን ውሎ ሲያድር ስለሚጣበቅ ሞላውን ያስራል። በእጀታው ውስጥ የሚጠራቀመውን የኪስ ብናኝ በስቴኪኒ ማውጣት፣ ችንካሩ ላይ አንድ ጠብታ ዘይት ማድረግ፣ ብዙ ጊዜ ከፍቶ መዝጋት፤ ከመበስበስ የሚያድነው ይኸው ነው። ዝገት ከያዘ በዘይት አርሶ አሳድሮ ከአረብ ብረት በሚለሰልስ ነገር፣ ለምሳሌ በናስ፣ መፋቅ ይሻላል። የብርጭቆ ወረቀትና በሞተር የሚሽከረከር መወልወያ ማኅተሙን ያጠፉታል። ማኅተሙ የጠፋ ሰንጢ ደግሞ ማንነቱን አጥቷል፤ የሚመልስለት የለም።

ስለት በእጅ፣ በመሳያ ድንጋይ ላይ፣ በእያንዳንዱ ጎን ወደ 20 ዲግሪ አዘንብሎ ይሳላል። የሞተር ድንጋይ ብረቱን አሙቆ ጥንካሬውን ይገድለዋል፤ ጠርዙ ሰማያዊ ከሆነ አለቀለት። መሳያ ሳይነካው የቆየ አሮጌ ሰንጢ ካገኙ ደግሞ ጭራሽ አለመሳል ይበጃል፤ አንዴ የተሳለ ሰንጢ በሰብሳቢዎች ዘንድ ያልተሳለውን ያህል አያወጣም።

ብዙ ሰብሳቢዎችን ያስለቀሰው ግን ሴሉሎይድ ነው። ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የኤሊ ልብስ፣ የዝሆን ጥርስ ወይም የዛጎል መልክ እየተሰጠው እጀታ ላይ ይለበድ የነበረ የመጀመሪያው ዘመን ፕላስቲክ ነው። ዓመታት ሲያልፉ ራሱን እየበላ አሲድ ያለበት ጋዝ ያወጣል። ሰንጢውን ከፍተው ስለቱን ይመልከቱ፦ ውጭ ያለው ክፍል ደህና ሆኖ እጀታው ውስጥ የሚተኛው ብቻ ከዛገ፣ የናሱ ገበር አረንጓዴ ካበቀለ፣ እጀታው ከተሰነጣጠቀና የካምፎር ወይም የሚኮመጥጥ ሽታ ካለው፣ ምንጩ እሱ ነው። ጋዙ አጠገቡ ያሉትንም ሰንጢዎች ያዝጋል። ወዲያው ለብቻው፣ አየር በሚያገኝበት ቦታ ይቀመጥ፤ በቀላሉ ስለሚነድም ከእሳት ይራቅ። ታሽጎ በላስቲክ መጠቅለሉ ያብስበታል። የቆዳ ሰገባም ለጉዞ እንጂ ለማስቀመጫ አይሆንም፤ ቆዳ ማልፊያው ናሱንና ብረቱን ያጠቃል፣ እርጥበትም ይይዛል። የቀንድና የአጥንት እጀታ ውኃ ውስጥ አይዘፈዘፍ። የዝሆን ጥርስ እጀታ ያለውን መሸጥና ከአገር አገር ማሻገር ብዙ አገሮች በሕግ ስለሚገድቡ ከመግዛት በፊት መጠየቅ ግድ ነው።

ሕግ ከተነሳ፣ ውጭ አገር የምትኖሩ አንባቢዎች ይህን ልብ በሉ። በእንግሊዝ ያለ በቂ ምክንያት ኪስ ውስጥ መያዝ የሚቻለው የስለቱ ጠርዝ ከ7.62 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥና የማይቆለፍ ሰንጢ ብቻ ነው፤ ኦፒኔል ቀለበት ካለው ይቆለፋልና ትንሹም ቢሆን አይፈቀድም። የአውሮፕላን ጉዞ ካለ ሰንጢ በሚጫነው ሻንጣ እንጂ በእጅ ቦርሳ አይገባም።

ለመጀመር ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። አንድ አዲስ የሚዝግ ኦፒኔል ገዝቶ ማዕድ ቤት ውስጥ መገልገል ብረትን ያስተምራል፤ አሮጌውን መግዛት ከዚያ በኋላ ይምጣ። ቤትዎ መሳቢያ ውስጥ ከአባትዎ ወይም ከአያትዎ የቀረ ሰንጢ ካለ ግን፣ እባክዎን ለሞራጅ አይስጡት። በደረቅ ጨርቅ ጠርገው ዘይት ይቀቡት፤ የማን እንደነበርና ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ሰው በሕይወት ሳለ ጠይቀው ይጻፉና ወረቀቱን አብረው ያስቀምጡ።