በፍሪላንስ የድረ-ገጽ ተጠቃሚ ተሞክሮ ዲዛይን ሥራ መሰማራት፦ ሊታወቁ የሚገቡ ጉዳዮች

የተጠቃሚ ተሞክሮ ዲዛይን፣ በባለሙያዎች አጠራር ዩኤክስ ዲዛይን፣ አንድ ድረ-ገጽ ለሚገለገልበት ሰው ግልጽ፣ ቀላልና ጊዜ ቆጣቢ እንዲሆን የማቀድ ሙያ ነው። ሙያውን የአንድ ድርጅት ቅጥር ሠራተኛ ሳይሆኑ ለተለያዩ ደንበኞች በግል፣ ማለትም በፍሪላንስ፣ የሚሠሩ ባለሙያዎች አሉ። ይህ አሠራር ጊዜንና ደንበኛን ለመምረጥ ነፃነት ይሰጣል። በአንጻሩ ለቅጥር ሠራተኛ በሕግ የተሰጡ ጥበቃዎች የግል ሠሪውን አይሸፍኑም። በመሆኑም ሥራውን የሚጀምር ሰው ከሙያ ችሎታው ባልተናነሰ ሊያስብበት የሚገባው ጉዳይ የጽሑፍ ውል ነው።

የሥራው ይዘት

ዲዛይነሩ በቅድሚያ የድረ-ገጹን ተጠቃሚዎች ፍላጎትና ችግር በቃለ መጠይቅና በምልከታ ያጠናል። ቀጥሎ የገጾቹን አደረጃጀት ይነድፋል፤ እንደ ፊግማ ባሉ መሣሪያዎች ናሙና ያዘጋጃል፤ ናሙናውንም በተጠቃሚዎች ያስሞክራል። አምስት ያህል ሰዎች ብቻ የተሳተፉበት ሙከራ እንኳ ጎልተው የሚታዩ ችግሮችን ለማግኘት ይረዳል። በመጨረሻም የተስተካከለውን ንድፍ ለፕሮግራመር ያስረክባል።

ለኢትዮጵያውያን ተጠቃሚዎች የሚሠራ ዲዛይነር በውጭ አገር ከተዘጋጁ ቅጾች በቀጥታ ሊቀዳቸው የማይችላቸው ነገሮች አሉ። የቤተሰብ ስም የሚጠይቅ ቅጽ የራስን፣ የአባትንና የአያትን ስም ለሚጠቀም ሰው አይመችም። የቀን መምረጫው 13 ወራት ያሉትን የዘመን አቆጣጠር ማስተናገድ ይኖርበታል፤ በቀጠሮ ገጽ ላይ “2 ሰዓት” ሲባልም ጠዋት ይሁን ማታ፣ በአገር ቤት አቆጣጠር ይሁን በሌላ፣ ሊገለጽ ይገባል። በመፈለጊያ ሳጥን “ፀሐይ” ብሎ የጻፈ ሰው “ጸሀይ” ተብሎ የተመዘገበውንም ማግኘት አለበት። ብዙ ሰው በስልክና በውድ የኢንተርኔት ጥቅል ስለሚጠቀምም ገጹ ቀላልና ፈጣን መሆን ይገባዋል።

የባለሙያው ሕጋዊ አቋም

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በራሱ የንግድ ሥራ ወይም በራሱ የሙያ ኃላፊነት ዋጋ እየተከፈለው ለሚሠራ ሰው ተፈጻሚ አይሆንም። ስለዚህ ፍሪላንሰር ከደንበኛው የዓመት ዕረፍት፣ የሕመም ፈቃድ፣ የስንብት ክፍያ ወይም በአዋጁ የተደነገገ የስንብት ማስጠንቀቂያ ሊጠይቅ አይችልም። የሚያስከፍለውን ዋጋ ሲተምን ሥራ የማይገኝባቸውን ወራት፣ የሕክምና ወጪንና የእርጅና ዘመን ቁጠባን አብሮ ማስላት የሚኖርበት በዚህ ምክንያት ነው።

በሌላ በኩል “ፍሪላንሰር” የሚለው መጠሪያ ብቻውን ጉዳዩን አይወስንም። አንድ ሰው በአሠሪ መሪነት ሥር ሆኖ ደመወዝ እየተከፈለው የሚሠራ ከሆነ ግንኙነቱ የሥራ ውል ሊሆን ይችላል።

ውሉ ሊይዛቸው የሚገቡ ነጥቦች

የግል ባለሙያውና የደንበኛው ግንኙነት በዋናነት የሚዳኘው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት በአግባቡ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ ይጸናል። በቃል የተስማሙበትን ማስረዳት ግን አስቸጋሪ በመሆኑ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የሚከተሉት ነጥቦች በጽሑፍ ሊሰፍሩ ይገባል፦

1. የሥራው ወሰን፦ የሚነደፉት ገጾች ብዛት፣ የተጠቃሚ ጥናትና ሙከራ መካተት አለመካተቱ፣ የማስረከቢያ ቀንና የፋይሎቹ ዓይነት።

2. የማሻሻያ ብዛት፦ ደንበኛው ያለተጨማሪ ክፍያ ስንት ጊዜ ማስተካከያ ሊጠይቅ እንደሚችል፤ ከዚያ በላይ ለሚሆነው የሚከፈለው ዋጋ። ይህ ነጥብ ካልተወሰነ የሁለት ሳምንት ሥራ ወራት ሊወስድ ይችላል።

3. አከፋፈል፦ ቅድመ ክፍያ፣ በየምዕራፉ የሚፈጸም ክፍያና ቀሪው የሚከፈልበት ቀን፤ ደንበኛው ሥራውን መሀል ላይ ቢያቋርጥ እስከዚያ ለተሠራው የሚከፈለው መጠን።

4. የንድፉ ባለቤትነት፦ መብቱ ለደንበኛው የሚተላለፈው መቼ እንደሆነ፤ ዲዛይነሩም ንድፉን በሥራ ማሳያው ላይ ማካተት ይችል እንደሆነ። የቅጂ መብት በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ይገዛል።

5. የግል መረጃ አያያዝ፦ በጥናት ወቅት የሚሰበሰቡ ስሞች፣ የድምፅና የምስል ቅጂዎች በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት ሊጠበቁ ስለሚገባ፣ ማን እንደሚይዛቸውና መቼ እንደሚሰረዙ መወሰን አለበት።

ክፍያ ሲዘገይ

ክፍያ በቀኑ ካልተፈጸመ ባለሙያው ለደንበኛው በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መስጠት ይኖርበታል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ የውል አለመፈጸምን መሠረት አድርጎ መብትን ለመጠየቅ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠት በመርህ ደረጃ ያስፈልጋል። ማስጠንቀቂያው ሌላም ጥቅም አለው፤ በዘገየ የገንዘብ ዕዳ ላይ የሚታሰበው በዓመት 9 በመቶ ሕጋዊ ወለድ መቆጠር የሚጀምረው ከዚያ ቀን ነው። በመሆኑም በስልክ ደጋግሞ ከመጠየቅ ይልቅ ቀኑ የተጻፈበት ደብዳቤ ወይም ኢሜይል ልኮ ቅጂውን ማስቀመጥ ይመረጣል።

ምዝገባ፣ ፈቃድና ግብር

ሥራውን በቋሚነት የሚሠራ ሰው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ማውጣትና በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት ተመዝግቦ ተገቢውን ፈቃድ መያዝ ይጠበቅበታል። ለሥራው የሚስማማውን የፈቃድ መደብ በአካባቢው ከሚገኘው የንግድ ጽሕፈት ቤት ማረጋገጥ ይቻላል። የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያን ቀደም ብሎ መያዝ ለምዝገባም ሆነ ለባንክ አገልግሎት ይረዳል።

ገቢው በፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 እና በማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 1395/2017 መሠረት ግብር ይከፈልበታል። አንዳንድ ድርጅቶች ክፍያ ሲፈጽሙ ቅድመ ግብር ቀንሰው ያስቀራሉ። የተቀነሰው ሒሳብ ከዓመታዊ ግብር ላይ ስለሚታሰብ ደረሰኙን ተቀብሎ መጠበቅ ያስፈልጋል። የመለያ ቁጥሩን ከማያቀርብ ሰው ላይ ግን ከፍ ያለ መጠን ይቀነሳል።

በውጭ አገር ለሚገኝ ደንበኛ መሥራት

በኢትዮጵያ ነዋሪ የሆነ ሰው ከውጭ አገር የሚያገኘውም ገቢ ግብር የሚከፈልበት ነው። ክፍያውን በባንክ መቀበል ገቢውን በማስረጃ ለማስደገፍ ያስችላል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ የሚወሰን በመሆኑ ውሉ የክፍያውን ገንዘብ ዓይነትና የማስተላለፊያ ወጪውን የሚሸፍነውን ወገን ሊገልጽ ይገባል። በሌላ አገር ክስ መመሥረት ውድና አድካሚ ስለሆነም በቅድሚያ ከፊሉን ክፍያ መቀበልና ቀሪውን ፋይል የመጨረሻው ክፍያ ሲፈጸም ማስረከብ የተሻለ ዋስትና ነው።

በአጠቃላይ በፍሪላንስ ለመሥራት የሚፈልግ ዜጋ የመጀመሪያውን ሥራ ከመቀበሉ በፊት የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን፣ ፈቃዱን፣ የባንክ ሒሳቡንና ከላይ የተዘረዘሩትን ነጥቦች የያዘ የውል ረቂቅ አሟልቶ እንዲገኝ ይመከራል።