በ15 ሰከንድ አንድ ደብረ ማርቆስ

በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ደብረ ማርቆስ ከተማ ውስጥ 62,497 ሰው ተቆጥሯል። ምሥራቅ ጎጃም ዞን በጠቅላላው ደግሞ 2,153,937። ሁለቱን ቁጥሮች ልብ እንበልና ወደ አንዲት ነፍሰ ጡር ማህፀን እንግባ። በመገንባት ላይ ያለው የፅንሱ አንጎል በአማካይ በየደቂቃው 250,000 ያህል አዳዲስ የነርቭ ሕዋሳት እንደሚያፈራ ይገመታል። በዚህ ፍጥነት የደብረ ማርቆስን ሕዝብ የሚያህል ሕዋስ ለመሥራት 15 ሰከንድ ይበቃዋል፤ የዞኑን ሕዝብ ለሚያህለው ዘጠኝ ደቂቃ አይፈጅበትም። ሴትዮዋ ጀሪካኗን አዝላ ከምንጩ ዳገቱን ስትወጣ፣ ገና ደጃፏ ሳትደርስ፣ በውስጧ አንድ ምሥራቅ ጎጃም ተሠርቶ አልቋል።

አዋቂ ሰው 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት አሉት። አብዛኞቹ ከመወለዱ በፊት የተሠሩ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ትልቁ ሥራ እነሱን እርስ በርስ ማገናኘት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በየሰከንዱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ አዳዲስ ግንኙነቶች እንደሚዘረጉ ይገመታል። አንድ ቀን 86,400 ሰከንድ ነው። እንግዲህ ከንጋት እስከ ንጋት ከ86 ቢሊዮን በላይ ግንኙነት ማለት ነው፤ በማግሥቱም እንዲሁ። ሲወለድ የአዋቂውን ሩብ የሚያህለው አንጎል ልጁ ሁለት ዓመት ሲሞላው በመጠን 80 በመቶ ይደርሳል።

ይህን ሁሉ የሚያውከው ነገር ትንሽነቱ ያስደነግጣል። የጎጃም ጤፍ አንድ ፍሬ አንድ ሚሊሜትር ያህል ቢሆን፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ 10,000 ኤችአይቪ ይደረደርበታል። የቫይረሱ ሙሉ መመሪያ የተጻፈው 9,700 በሚያህሉ ኬሚካላዊ ፊደላት ብቻ ነው፤ የሰው ልጅ መመሪያ 3 ቢሊዮን ፊደላት አሉት። ሩቤላ የተባለው ሌላ ቫይረስ መመሪያም በርዝመቱ ከኤችአይቪ ብዙ አይለይም። ያው ሩቤላ እ.ኤ.አ. በ1964 እና በ1965 አሜሪካን ሲያጠቃ 20,000 ያህል ሕፃናት ከማህፀን ጉዳት ይዘው ተወልደዋል፤ ብዙዎቹ መስማት የተሳናቸው ነበሩ።

ወደ ኤችአይቪ ልመለስ፤ በእኛ አገር ጤና ጣቢያዎች በየዕለቱ ክትትል የሚደረግበት እሱ ነውና። ቫይረሱ በደሟ ያለ እናት ምንም ሕክምና ካላገኘች፣ እንዲህ ካሉ እናቶች ከሚወለዱ 100 ሕፃናት ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት ይያዛሉ። በአግባቡ ከታከመች ቁጥሩ ከ5 በታች ይወርዳል። በኢትዮጵያ መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ቫይረሱ የተገኘባት ነፍሰ ጡር ሁሉ የበሽታ መከላከያ አቅሟ እስኪዳከም ሳይጠበቅ ወዲያው ትጀምራለች፣ ዕድሜ ልኳንም ትቀጥላለች። በቀን አንድ ፍሬ። ከእርግዝናው 280 ቀን ላይ የ18 ወር ጡት ማጥባት ሲደመር ከ800 ፍሬ ይበልጣል። ባል በማያውቅበት፣ ጎረቤት በሚያይበት ቤት ውስጥ ሳይዘነጋ የተዋጠ 800 ፍሬ! ለእነዚህ እናቶች ያለኝ አክብሮት ከቃል በላይ ነው።

ሕፃኑ ስድስት ሳምንት ሲሆነው ከተረከዙ ጥቂት ጠብታ ደም ተወስዶ በወረቀት ላይ ይደርቅና ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። በ18ኛው ወር ይመረመራል፤ ጡት ከተወም በኋላ ውጤቱ ይረጋገጣል። «ልጅሽ ነፃ ነው» ትባላለች። መዝገቡም በዚያው ይዘጋል። እኔን የሚቆጨኝ እዚህ ላይ ነው። ቫይረሱን ፍለጋ ያበቃበት ጊዜ የአንጎሉ ግንባታ ገና የተጋጋለበት ነውና።

በዓለም ላይ በእናታቸው ማህፀን ለኤችአይቪ ተጋልጠው ሳይያዙ የተወለዱ ሕፃናትና ልጆች 16 ሚሊዮን ገደማ ናቸው፤ አብዛኞቹ ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች ይኖራሉ። ብዙዎቹ እንደ እኩዮቻቸው ያድጋሉ። ነገር ግን በደቡብ አፍሪካ ድራከንስታይን በተባለ አካባቢ የተካሄደ ጥናት እንዳሳየው፣ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው ቋንቋ የመረዳትና የመናገር መዘግየት የሚታይባቸው ዕድል ካልተጋለጡት ወደ እጥፍ ይጠጋል። ቫይረሱ አልገባባቸውም። የእናትየው ሰውነት ከቫይረሱ ጋር ሲታገል የሚነሳው መቆጣት፣ ያለ ጊዜ መወለድ፣ ክብደት ማነስ፣ በቤቱ ያለው ሕመምና ችግር ተደማምረው የሚጫኗቸው ይመስላል። ይህን ሰምታ መድኃኒቷን ለማቆም የምታስብ እናት ካለች ግን አደራ፣ እንዳታቆም! ልጇንም እሷንም ያቆያቸው እሱ ነው።

በዚህ ላይ መቀንጨር አለ። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ 100 ሕፃናት 41ዱ የቀነጨሩ ነበሩ፤ ያውም ጤፍና ስንዴ በሚታፈስበት ክልል።

አሁን ደግሞ ደስ የሚለውን ቁጥር እንይ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በጃማይካ ኪንግስተን 129 የቀነጨሩ ሕፃናት ተመረጡ። ለግማሾቹ ያህል የማህበረሰብ ጤና ሠራተኛ በሳምንት አንዴ ለአንድ ሰዓት እየመጣች፣ በቤት ውስጥ በተሠሩ መጫወቻዎች ከልጁ ጋር እንዴት እንደሚጫወቱና እንደሚያወሩ ለእናቶቹ አሳየች። ለሁለት ዓመት። ጠቅላላው 104 ሰዓት፣ ማለትም አራት ቀን ከስምንት ሰዓት ነው። ከ20 ዓመት በኋላ እነዚያ ልጆች ይህን ካላገኙት 25 በመቶ የበለጠ ገቢ ያገኙ ነበር። በገጠር ዚምባብዌም ለኤችአይቪ ተጋልጠው ሳይያዙ ለተወለዱ ሕፃናት የአመጋገብ ምክርና በቀን 20 ግራም ተጨማሪ ምግብ ከንጹሕ ውሃና ከእጅ መታጠብ ጋር ተጣምሮ ሲሰጥ፣ በሁለት ዓመታቸው የእንቅስቃሴና የቋንቋ እድገታቸው ተሻሽሎ ታይቷል።

ይህ ለጎጃም ሩቅ አይደለም። በየቀበሌው ለ5,000 ሰው ያህል አንድ ጤና ኬላና ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች እንዲኖሩ ታስቦ ነው ሥራው የተዘረጋው። ቤት ለቤት መሄድ ድሮም ሥራቸው ነው። እናቶቹም መድኃኒት ለመውሰድ መጥተው አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ ይጠብቃሉ፣ ሕፃኑ ታቅፎ ዓይኑን ያንከራትታል። በባዶ የውሃ ፕላስቲክ ውስጥ ጥቂት የባቄላ ፍሬ ጨምሮ ክዳኑን አጥብቆ መዝጋትና ማንኳኳት፣ ልጁ «አጉ» ሲል «አጉ» ብሎ መመለስ፣ ቤት ሲገቡ ቡና እየቆሉ «ይኸ ጀበና ነው፣ ይኸ ሲኒ ነው» እያሉ ማውራት እዚያው ተራ እስኪደርስ መማር ይቻላል። መዝገቡም በነፃነቱ ቀን ከሚዘጋ፣ ልጁ ስንት ቃል እንደሚናገር የሚጻፍበት አንድ መስመር ተጨምሮለት ቢያንስ እስከ ሦስት ዓመቱ ይቀጥል።