ለደጋ ሰውም ቢጫ ካርድ ያስፈልጋል

ከደባርቅና ከዳባት የሚመጡ ተጓዦች «ደጋ ነን፣ ቢንቢ የለብንም፤ የቢጫ ወባ ክትባት ለምን?» ይሉኛል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ቢንቢ ብርድ አይስማማትም። ነገር ግን የክትባቱን ምስክር ወረቀት፣ ቢጫ ካርዱን፣ የሚጠይቁት ህንድና ደቡብ አፍሪካ የሚያዩት የመነሻ አገርን እንጂ የመንደራችንን ከፍታ አይደለም። ኢትዮጵያ ደግሞ በሽታው ካለባቸው አገሮች ትመደባለች፤ ከ1960 እስከ 1962 እ.ኤ.አ. በደቡብ ምዕራብ 30,000 ያህል ሰው እንደፈጀ ይገመታል።

እባካችሁ፣ የጉዞው ቀን እንደተቆረጠ ተከተቡ። ካርዱ የሚጸናው ከክትባቱ 10 ቀን በኋላ ስለሆነ በዋዜማው መወጋት አያሳልፍም። አንዴ ከጸና ግን ዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ የ10 ዓመቱ ገደብ በ2016 እ.ኤ.አ. ተነስቷል። ክትባቱ የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ስላለው ነፍሰ ጡሮችና ለእንቁላል ከባድ አለርጂ ያለባችሁ ቀድማችሁ ንገሩን። ሐጅ የምትሄዱ ደግሞ የማጅራት ገትሩንም ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሙ።