ባቄላ ለገብስ መሬት የሚሰጠው ጥቅም

በደብረ ብርሃን ደጋ ገብስን በገብስ ላይ እየደጋገመ የሚዘራ ገበሬ አዝመራው ከዓመት ወደ ዓመት ሲቀንስበት ያያል። ምክንያቱም እበቱ ኩበት ሆኖ ይነዳል፤ ገለባውንም ከብት ይበላዋል፤ ወደ መሬቱ የሚመለሰው ጥቂት ነው። ኩበት በማንደዱ ግን ገበሬው አይወቀስም፤ እንጨት ጠፍቶአል፥ የደጋውም ብርድ የታወቀ ነው።

ባቄላ የተነሣበት ማሳ ለገብስ መልካም እንደ ሆነ የአንኮበር አረጋውያን ከጥንት ያውቁ ነበር። ምስጢሩን በፈረንጆች ቍጥር በ1888 ዓ.ም.፥ ዳግማዊ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፥ ሄልሪግልና ቪልፋርት የሚባሉ የጀርመን ሊቃውንት ገለጹት። ከአየሩ በመቶ 78 እጅ የሚሆነው ናይትሮጅን የሚባለው ነው፤ እርሱም የእህል ምግብ ነው፤ ገብስ ግን ከአየር ሊወስደው አይችልም። በባቄላ ሥር ባሉት እባጮች ውስጥ የሚኖሩ፥ በዓይን የማይታዩ ደቂቅ ፍጥረታት ግን ከአየር ይዘው ለባቄላው ይመግቡታል።

ይህንን ለማየት ተማሪዎች ባቄላው ሲያብብ አንዱን እግር ከነአፈሩ ቆፍረው ያውጡ፤ ጐትቶ መንቀል እባጩን ይበጥሰዋል። እባጩ በጥፍር ሲሰነጠቅ ውስጡ ቀይ ከሆነ ሥራውን ይሠራል፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ አይሠራም። ውሃ በሚተኛበት ጥቁር አፈር እባጩ ይደክማልና አስቀድሞ ፈሰስ ማውጣት ያስፈልጋል።

ባቄላው ከሰበሰበው ምግብ አብዛኛው በፍሬው ወደ ጎተራ ይገባል። ስለዚህ በመከር ጊዜ ሥሩ ከመሬት እንዲቀር በማጭድ ይታጨድ እንጂ አይነቀል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ቅጠሉን የሚያቆራምድ በሽታ ገብቶአል፤ ስለዚህ ባቄላን የተወ ገበሬ ቢኖር ተራውን ለምስር ይስጥ እንጂ ገብስን በገብስ ላይ አይድገም፤ የምስርም ሥር እባጭ አለው።