ዋጋ ያልተቆረጠለት ጥላ
የወረታ ነጋዴ ከቤተ ክርስቲያን ደን ምን ያተርፋል?

ወረታ ገበያ ላይ ዋጋ የማይቆረጥለት ነገር ማግኘት ያስቸግራል። ሩዙ በኩንታል፣ ሽንኩርቱ በኪሎ፣ የባህር ዛፍ አጠናው በቁጥር ይሸጣል። ከባህር ዳር የሚመጣው መንገድ እዚህ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ወደ ጎንደር፣ ሌላው በደብረ ታቦር አድርጎ ወደ ወልዲያ ስለሚሄድ ከተማዋ የነጋዴ፣ የሹፌርና የደላላ መገናኛ ናት። ከዚህ ሁሉ መካከል ግን ተመን ያልወጣለት አንድ ነገር አለ። እርሱም የቤተ ክርስቲያን ደን ጥላ ነው።

ጉዳዩ ለገበያ ገጽ የማይመጥን ሊመስል ይችላል። ይሁንና በሌላው ዓለም ሰዎች እንዲህ ያለውን ጥላ መሪ ቀጥረው፣ ገንዘብ ከፍለው ይገቡበታል።

ውሃ የሌለበት መታጠብ

የጃፓን የደን መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1982 “ሺንሪን ዮኩ” የሚል ቃል አወጣ፤ “በደን መታጠብ” ማለት ነው። ውሃ ግን የለበትም። ሰውየው ስልኩን ዘግቶ በዛፎች መካከል ቀስ ብሎ ይራመዳል፤ ያሸታል፣ ያዳምጣል፣ ይቀመጣል። ከዚያ ቀደም ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ1979፣ አሜሪካዊው ጆን ካባት ዚን በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል ለሕሙማን የጭንቀት ማርገቢያ ሥልጠና ጀምሮ ነበር። ዘዴው ትንፋሽን እየተከታተሉ ሐሳብን አሁን ባለበት ማቆየት ነው። በእኛ አነጋገር ቀልብን መሰብሰብ ቢባል ያስኬዳል።

ለመሆኑ ጥቅሙ ምን ያህል ነው? የቶኪዮው ሐኪም ቺንግ ሊና ባልደረቦቹ ከትላልቅ ኩባንያዎች የተውጣጡ 12 ወንድ ሠራተኞችን ሦስት ቀንና ሁለት ሌሊት ደን ባለበት አካባቢ አቆይተው ደማቸውን መረመሩ። በሽታን ከሚከላከሉት የደም ሕዋሳት የአንዱ ዓይነት ንቃት ከፍ ብሎ ተገኘ። 12 ሰው ግን ትንሽ ናሙና ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነና በእንግሊዝ 20 ሺህ ያህል ሰዎችን ያካተተ ጥናት ደግሞ በሳምንት ቢያንስ 120 ደቂቃ በተፈጥሮ አካባቢ የሚያሳልፉ ሰዎች ጤናችን ደህና ነው የማለት ዕድላቸው ከሌሎቹ የበለጠ መሆኑን አሳየ። ይህም ቢሆን ዝምድናን እንጂ መንስኤን አያረጋግጥም፤ ድሮውንም ጤነኛ የሆነው ሰው ይሆናል ወጣ ወጣ የሚለው። በመሆኑም የደም ግፊት ያለበት ነጋዴ መድኃኒቱን ጥሎ ደን ይግባ የሚል የለም። ቀልቡ ለተበታተነ ሰው ግን ወጪው አነስተኛ፣ ጉዳቱም የሌለ ነው።

የነጋዴ ቀልብ ደግሞ ሲበታተን ኪሣራ ያመጣል። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ማሳውን ያጥለቀልቁት ይሆን? ሩዙ ከተፈለፈለ በኋላ ልሽጥ ወይስ ላቆይ? መንገዱስ ክፍት ነው? እነዚህን እያሰላሰለ ሌሊቱን ሳይተኛ ያነጋ ሰው፣ ጠዋት ስልክ ሲጮህ በስሌት ሳይሆን በድንጋጤ ይሸጣል።

ለአገሬው ነገሩ አዲስ አይደለም። ሱባኤ የሚይዝ፣ ጸበል የሚሄድ ሰው ከገበያ ተለይቶ በዛፍ ሥር ዝም ብሎ መዋልን ያውቃል። የሚሄደው ግን ፈጣሪውን ፍለጋ እንጂ ለደም ምርመራ አይደለም።

ደኑ ለምን ተረፈ?

የፎገራ ሜዳ ዛፍ የሚበዛበት አይደለም። ረግረግና የግጦሽ መሬት የነበረው ሜዳ ሩዝ ከገባበት ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ወደ እርሻ እየተለወጠ ሄዷል። ከወረታ በአለም በር በኩል ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣ መንገደኛ በታረሰው መሬት መካከል እንደ ደሴት ተነጥሎ የቆመ ጥቅጥቅ ያለ ደን ካየ፣ በአብዛኛው የሚያየው የቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው። ዶክተር አለማየሁ ዋሴ እ.ኤ.አ. በ2007 በኔዘርላንድስ ዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የዶክትሬት ጥናት በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን መርምረው 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ መዝግበዋል። ትንሹ ደን 1.6 ሄክታር፣ ትልቁ 100 ሄክታር ነበር።

ምስጢሩ በገበያ ሕግ ይገባል። ወይራና ጥድ በቁማቸው ለማንም ገንዘብ አያስገቡም፤ ዋጋ የሚያወጡት ሲቆረጡ ነው። ባህር ዛፍ ግን በጥቂት ዓመታት አጠና ይሆናል። ስለዚህ ዋጋ የሌለው ዋጋ ላለው ቦታውን ይለቃል። የግቢው ወይራ የተረፈው ባለቤቱ ስለማይሸጠው ነው፤ ዛፉ የታቦቱ ነው።

ሆኖም አለመሸጥ ብቻውን አላዳነውም። ከብት እየገባ ችግኙን ይበላል፣ ይረግጣል፤ አሮጌው ዛፍ ሲወድቅ የሚተካው ይታጣል። ሱቁ በዕቃ ሞልቶ እየታየ መጋዘኑ ባዶ እንደሆነበት ነጋዴ ማለት ነው። የዶክተር አለማየሁ ጥናቶች ከብት እንዳይገባ በታጠረ ቦታ ችግኝ በተሻለ ሁኔታ እንደሚተርፍ አሳይተዋል። እርሳቸውና አሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ላውማን ከካህናቱና ከምዕመናኑ ጋር ሆነው በደኖቹ ዙሪያ የድንጋይ ካብ ማሠራት የጀመሩትም በዚሁ ምክንያት ነው። ድንጋዩ ከገበሬው ማሳ ይለቀማል። ማሳው ይጠራል፣ ደኑም ይታጠራል።

ለባለሀብቱ

“እንግዲያው ሎጅ ልሥራበት” የሚል ባለሀብት አይጠፋም። ቢቸኩል ይከስራል። ግቢው የጸሎት ቦታ እንጂ መናፈሻ አይደለም። መኪናና ሙዚቃ ከገባ የሚሸጠው ጸጥታ ራሱ ያልቃል። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭትም ለቱሪስት ብቻ ተብሎ የሚወጣ ካፒታል ምን ያህል ለአደጋ የተጋለጠ እንደሆነ አሳይቷል።

የሚያዋጣው ሌላ ነው። አንድም በሰበካ ጉባኤው በኩል ለካብና ለአገር በቀል ችግኝ ማዋጣት፤ ሁለትም አስፈቅዶ፣ ስልክ ዘግቶ፣ በሳምንት ሁለት ሰዓት ያህል ከዛፉ ሥር መቀመጥ። ሙስሊሙ ነጋዴ ወይም ወደ ግቢው መሄድ ያልፈለገ ሰው በወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ዋንዛ ሊተክል ይችላል፤ የጫኝና አውራጁም ማረፊያ ይሆናል።

ጥላው ተመን አልወጣለትም ማለት ወጪ የለውም ማለት አይደለም። ዛፉን ባለመቁረጥ፣ ከብቱን በመከልከልና ድንጋዩን በመሸከም ወጪውን እስከ ዛሬ የቻሉት ካህናቱና ገበሬዎቹ ናቸው። ሒሳቡን ከሚጋሩት መካከል የወረታ ነጋዴም ቢቆጠር አግባብ ነው።