ባሽአርሲ ላይ የጻፋችሁት ለሰርቪስ አይደርስም

ከዲላም ከሬኮም በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፦ «ፕሮግራሙን በእጄ ሳስነሳው ይሠራል፤ ሰርቪስ ሳደርገው የዳታቤዙን አድራሻ አጣሁ ይላል። ባሽአርሲ ላይ ኤክስፖርት አድርጌዋለሁ እኮ!»

ባሽአርሲን የሚያነበው ተርሚናል ስትከፍቱ የሚነሳው ሼል ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰርቪሱን የሚያስነሳው ግን ሲስተምዲ ነው፤ ያንን ፋይል ዞር ብሎም አያየው።

«ሲስተምሲቲኤል ኤዲት» ብላችሁ የሰርቪሱን ስም ጨምሩ። «ሰርቪስ» በሚለው ክፍል ሥር «ኢንቫይሮንመንት» ብላችሁ የተለዋዋጩን ስምና እሴቱን ጻፉ፤ ከዚያ ሪስታርት። ከበዛባችሁ በ«ኢንቫይሮንመንትፋይል» ሌላ ፋይል ጠቁሙ፤ እዚያ ውስጥ «ኤክስፖርት» የሚል ቃል አይገባም።

የይለፍ ቃል ግን «ኢንቫይሮንመንት» ላይ በፍጹም! ሰርቨሩ ላይ አካውንት ያለው ሁሉ በ«ሲስተምሲቲኤል ሾው» ሊያየው ይችላል። ፋይሉ ውስጥ አድርጉት፤ ባለቤቱ ሩት፣ ፈቃዱ 600 ይሁን።

አሁንም እምቢ ካላችሁ የስህተት መልእክቱን ኮሜንት ላይ ጣሉልኝ፤ የይለፍ ቃሉን አጥፍታችሁ ታዲያ።